ሰማንያ ቀን

ዛሬ ሃምሳ ሦስት።
እናቴ ትቆጥራለች፣ ፍሪጁ ላይ በለጠፈችው ወረቀት፤
"ሴት ናትና ሰማንያ ነው፤ ወንድ ቢሆን አርባ ነበር" ትላለች፣
ማንም ሳይጠይቃት።
የኔ ቆጠራ ሌላ ነው፦ በግራ ጡት ስንት ደቂቃ፣ በቀኝ ስንት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ስንቴ ሆነ በአንድ ሌሊት።

ቅርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፤ አሳንሰሩ ከበዓል በፊት የቆመ፣
ጋሪው ታች በሰንሰለት ታስሮ፣ እንደ አህያ የደከመ።
ልጅቷ ማማድ ውስጥ ትተኛለች፣ የብረት መስኮት ባለው ክፍል፤
"ግድግዳው ወፍራም ነው" አለ ኤላድ፣ "ጩኸት አያስገባም፣ ይሻላል።"
አያስገባም፣ እውነት ነው። ማስወጣቱን ግን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

በመታወቂያ ኖጋ ናት። እናቴ "እንግዳዬ" ነው የምትላት።
አንድ ሌሊት አቅፌያት ስዞር፣ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት፣
"እንግዳ ደግሞ ይሄዳል" ብዬ አሰብኩ።
አሰብኩና ደነገጥኩ፣
ግንባሯን ሦስቴ ሳምኩ።

ባንክ ነው የምሠራው፣ ብድር ክፍል፤ ስለ ወለድ የሚነግረኝ የለም፤
"ወለድኩ" ስል ግን ሌላው ትርጉሙ ትዝ አላለኝም።
የወለድኩት እኔ ብቻ መስሎኝ፤
ለካ የእንቅልፍ ዕዳም ይወልዳል፣ ወለዱ ከዋናው በልጦ ሊውጠኝ።

ማክሰኞ ቲፓት ሐላቭ ወሰድኳት። ነርሷ ኢሪት መዘነቻት፣
ግራፉ ላይ ነጥብ አኖረች፣ "ጎበዝ ልጅ" አለቻት።
ለኔ ደግሞ መጠይቅ ሰጠችኝ፣ እርሳስ ጨምራ፣
"ሰሞኑን መሳቅ ችለሻል?" ይላል ከላይ፣ በመጀመሪያው ተራ።

ስቄአለሁ። ስልኬን ፍሪጅ ውስጥ ከእርጎው ሥር ሳገኘው።
ስቄአለሁ። ሱፐር ውስጥ ባዶ ጋሪ እያወዛወዝኩ ወረፋ ስይዝ ሰው ሲያየው።
"እንደ ወትሮው" ላይ ምልክት አደረግሁ። ውሸት አይደለም።
ያለቀስኩት ሻወር ውስጥ ነው፤
ስለ ሻወር የሚጠይቅ መስመር የለም።

የአራስ ጎጆ፦ በልጅነቴ የማፍርበት ነገር ነበር።
"እናቶቻችሁን ውጭ ነው የሚያስተኙት?" አለችኝ አንዷ፣ አምስተኛ ክፍል፣ በመምህር ፊት፤
ስዕል ስቀባ ዋልኩ፣ ቀና ሳልል፣ አንገቴን እንደ ደፋሁት።

ትናንት ማታ እናቴን ጠየቅኳት፦ "ብቻሽን አይከፋሽም ነበር፣ ከድንጋዩ ወዲያ?"
ሳቀች። "ምን ብቻ አለ? እነ ታሩ፣ እነ ዝማም፣ የወለደ ሁሉ በዚያ።
ምግቡን ድንጋዩ ላይ አኑረው ይመለሳሉ። ማንም አይነካን፣
ውሃ ቅጂ የሚለን የለ፣ እንጨት ልቀሚ የሚለን፤
ልጅ ልጃችንን ታቅፈን እንተኛለን።"
ዝም አለች። ቆየችና፣
"ክረምቱን ግን አትጠይቂኝ። ጣራው ሲያፈስ አልቅሰናል" አለች፣ የጡጦውን ክዳን እያጠበች እንደገና።

እኔ፣ ዲግሪዬን ሳሎን የሰቀልኩ ሴት፣
ያን የሚያፈስ ጎጆ ተመኘሁት። ለአንድ ሌሊት።

ሊነጋጋ ሲል የበሩ ቁልፍ ዞረ፤
ኤላድ ከሌሊት ፈረቃ ገባ፣ ፀጉሩ የካርቶን አቧራ የነበረ።
እጁን እስከ ክርኑ ታጠበና "አምጪያት" አለ።
በክንዱ ላይ በደረቷ አስተኛት፣ እንደ እርጥብ ፎጣ፣
ስለ ፎርክሊፍቱ ይነግራታል፣ ስለ አለቃው ቁጣ፣
ስለ ተሰበረው ፓሌት፤
እሷም ትሰማዋለች፣ ለኔ የነፈገችውን ዝምታ ሰጥታው፣
ያቺ ቀበጥ ፍጥረት።

መኝታ ክፍሌ በር ላይ በርጩማ አለ። በርጩማው ላይ ሳህን፣
ሳህኑ ላይ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር እንቁላልና ዳቦ።
እናቴ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሸሸች፣ ኮሪደሩ መሃል ቆመች፣
"ከዚህ ወዲያ ማንም አያልፍም" አለች።
በሩን ዘጋሁት።

አርባ ደቂቃ።
ሰማንያ አይደለም።
ግን ተኛሁ።