ለሸምሲያ፥ ስለ እግር መንገዶቹ

ሸምሲያ፥ ከባህልና ቱሪዝም የላክሽው ቅጽ ደረሰኝ፤
ሠንጠረዡ ጠበበኝና፥ መልሱ ይኸው ቆየብኝ።
«የመንገዱ ስም፥ ርዝመቱ፥ የሚፈጀው ሰዓት፥
ለእንግዳ ይመች እንደሆን፥ ቁልቁለት ወይ አቀበት።»
ሰዓትማ በማን እግር? በአባ ዲጋ በቅሎ ነው፥
ወይስ ምጥ የያዛትን ወሳንሳ በተሸከመው?

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወባ መርጫ አዝዬ፥
ከማና እስከ የቡ ጫፍ፥ ጓዳ ለጓዳ ትንኝ ገድዬ
(ልጆቹ «አባ ፓምፕ» ያሉኝ፥ ስሜም ሆኖ የቀረው)፥
የማላውቀው በር የለም፥ የማይለየኝም ውሻ፤
መንገዱን እግሬ ያነበዋል፥ ዓይኔ ቢደክም በማምሻ።

እንግዲህ ጻፊ።
አንደኛው «የሾላው» ነው፤ ከመስጊዱ ጀርባ ይነሳል፥
የቡና ማስጫ አልጋውን በቀኝ ትቶ ይታጠፋል።
ሾላው ግን የለም። የዛሬ ዘጠኝ ክረምት ወድቋል፥
ለበርጩማ ተጠርቧል።
ሰው አሁንም «ሾላው ጋ እንገናኝ» ይባባላል፥
ባዶው ቦታ ጋ ደርሶም፥ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ስም አለው፥ ግን ለሴት ልጅ አይነገርም፤
ክረምት ላይ አዳልጦት የተንከባለለ የቀበሌ ሹም
ያን ዕለት ያወጣለት ነው፤ ቅጽሽ ላይ አይጻፍም።
«አስቸጋሪ» በይው ብቻ።
ጭቃውን በእግር ጣት ነክሶ ነው፥ የአገሩ ሰው የሚወርደው፤
ቡትስ ያደረገ እንግዳ ግን፥ ቡትሱን ትቶ ነው የሚሄደው።
ከታች፥ የግንዱ ድልድይ ጋ፥ ጉሬዛዎች ነጭ ካባ ደርበው
ከሰሳው ላይ እንደ ችሎት ዳኛ፥ ዝም ብለው
ቁልቁል ያዩሻል፥ ማን ናት ይቺ? ብለው።

ሦስተኛው ነው ያቆየኝ። በዘምዘም ጓሮ ያልፋል፥
በእንሰቱና በማድቤቱ መሀል፥ እንደ ክር ይሾልካል።
ውሃ ቀጂው፥ ተማሪው፥ እህል ወፍጮ የሚወስደው፥
«አሰላሙ ዓለይኩም» ነበር ለማለፊያ የሚከፍለው።
ልጇ ነዚፍ ባጃጁን ሸጦ፥ ከጅማ ከተማ የገባ ዕለት፥
ጓሮው ጫት ሆነ፤ ዙሪያው ቆርቆሮ፤ መንገዱም ድንገት
አጥር ጋ ደርሶ አለቀ።

ሽማግሌ ተላከ። «የውሃና የመቃብር መንገድ
አይታጠርም፥ ልጄ» አሉት።
እሱ አረንጓዴ ደብተሩን ዘረጋ፤ «እስቲ አሳዩኝ» አለ፥
«መሬቴ ይኸው፤ ማህተሙ ይኸው፤ መንገዱ የታለ?»
እውነቱን ነው። ካርታው ላይ መንገድ አልነበረም፤
ሺህ እግር የጻፈውን፥ አንድ ብዕር አላየውም።

ሁለት ወር በረግረጉ ዞርን፥ አልቅት እየለቀምን ከእግራችን።
ማንም ክፉ አልተናገረ፤
ሰላምታው ብቻ ነው የቀረ፥ አብሮ ከመንገዳችን።

አንድ ሌሊት፥ ዝናብ እየጣለ፥ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማን።
ጠዋት አንድ ቅጠል ጎድሏል። ዘምዘም አጠገቡ፥ መዶሻ ጭኗ ላይ፥
ልጇን ቀና ብላ ሳታይ፥
«አባትህ በዚህ ወጣ፤ እኔንስ በየት ልታወጣኝ ነው?»
ነዚፍ መልስ አልነበረው።
ቆርቆሮውን አንስቶ፥ የዶሮ ቤት ከደነው።

እና ሸምሲያ፥ «ርዝመት» የሚለውን ባዶ ተይው፤ አልለካሁትም።
«ስፋት» የሚል ረድፍ ግን፥ እባክሽ ጨምሪበት፤
አንድ ቃሬዛ ያሳልፋል፥ በአራት ሰው ትከሻ፥
ክርን ቆርቆሮ ሳይነካበት።

አራተኛም አለ። መብራት ጠፋብኝ፥ ነገ እጽፈዋለሁ።
ለእንግዶችሽ ግን ንገሪያቸው፦
የዘምዘም ውሻ ዳማ ይባላል፥ ይጮሃል እንጂ አይናከስም፤
ስሙን ጠርተው ይለፉ። ሰላምታውንም እንዳይረሱ፥
ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ።