ፌሮ

ከዚራ፣ ሚሲዮን ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ፤
ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ጥላም ይሻል ጥላ።
ስድስት ነን ክፍል ውስጥ፤ ሁለቱ ያንቀላፋሉ።
አባ ሌዎን ላባቸውን በእጅጌ ይጠርጋሉ፤
በጠመኔ ስባሪ አንድ ቃል ይጽፋሉ፦
ፌሮ።

ሳቄ አመለጠኝ።
ፌሮማ አውቃለሁ! ባለ አስራ ሁለት ሚሊ፣ ባለ አስራ አራት፣
ሳቢያን ለሚቆመው ፎቅ ካይሱዙ የሚወርድ፣
ጫፍና ጫፉ እንደ ጅራፍ የሚርድ፤
ባቡሩ ከቆመ፣ ፉርጎው ከዛገ ወዲህ
አባቴ ሮብሌ፣ ሽርጡን አጣጥፎ፣
ትከሻው ላይ አንጥፎ፣
የሚያጋድመው፤
ማታ እናቴ ሰንበሩን በሰሊጥ ዘይት የምታሸው።

«ያ የጣሊያን ብረት ነው» አሉኝ፣ «በሁለት ‹ረ› ይጻፋል።
ይህ ግስ ነው። ፌሮ፦ እሸከማለሁ። ፌርት፦ ይሸከማል፤
ትሸከማለችም ያው ነው፤ ወንድ ሴት አይለይም ሸክም።
ደግሞም መቻል ነው፤ የመጣውን ሁሉ፣ ጥርስን ነክሶ፣ ዝም።»

«ከየት መጣ?» አለ አንዱ፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ።
«ከሮም ይቀድማል። ግሪክ አገር ወንድም አለው፤
ሁለቱን የወለደ ቋንቋ ግን ሞቷል፣ መቃብሩን ማን አየው?
ተናጋሪዎቹ ቀሩ በመንገድ፣
ሸክማቸው ብቻ ደረሰ ከእኛ ዘንድ።»

«ትናንት ተሸከምኩ ለማለትስ?»
«ቱሊ።»
«ፌሮ የታለ?»
«የለም። ይህ ግስ ትናንት የለውም፤
‹ማንሣት› ከሚል ጎረቤቱ ተበድሮ፣ አልመለሰም።
ስታዢ ደግሞ፦ ፌር! ጅራቱ ይቆረጣል፤
የሚያዝ ሰው መቼ ቃል ይጨርሳል?»

ይቺንስ አውቃታለሁ። ለገሃር፣ ከአንደኛ ማዕረግ መስኮት
አንድ ጣት፦
«ና!»
ከመጣ፣ ከይመጣል፣ ‹ና› በየት በኩል ወጣ?
አባቴ ሰዋስው ሳይጠይቅ መጣ።

ማታ ነገርኩት፤ በሶማልኛ፣
የጎደለውን ባማርኛ።
ሳቀ። «የሮም ኩሊ» አለኝ፣ «ለኩንታል ስንት ነበር የሚከፈለው?»
አላውቅም። በማግስቱ አባን ጠየቅኋቸው፤
እሳቸውም አያውቁም።

ሌሊቱን ግን በአንዲት ፊደል ተገላበጥኩ፦
ተሸከመ።
ይቺ ‹ተ›፣ እንደ ተመታ፣ እንደ ተሸጠ፣
አድራጊውን ተደራጊ አስመስላ የምታቆም።
ያሸከመው ቀና ብሎ ይሄዳል፤
ተሸካሚው ‹ሰው ተሸከመኝ› ይበል እንጂ
የራሱ ማረፊያ ቃል የለውም።
ላቲን አለው፤ አንድ ‹ር› ብቻ ጨምሮ፦
ፌሮር።
ይሸከሙኛል።

ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ ግድግዳ ሲልስ፣
ወንዶቹ ሮብሌን ይዘው ወጡ፤
ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ፣ እየፈጠኑ፣
ሽርጡ ገመዱ ላይ እንደተሰጣ።
ሴት አትከተልም፤ ከበሩ ቆሜ አየሁ።
ፌሮር፣ አልኩለት በልቤ። ፌሮር በል።

በአራተኛው ቀን የሳይቱ ተቆጣጣሪ መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።
«ሮብሌ አለ... ነበረ...» ተምታታበት፤
ለካ የእኛም ግስ ትናንቱን ይበደራል።
ቀሪ ሂሳብ፣ ሦስት መቶ ሃያ ብር።
«እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ።
ስም። ቀን። ብዛት፣ አርባ ፍሬ።
የሥራው ዓይነት፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ፦
ፌሮ።

በአንድ ‹ረ› ነው የተጻፈው።