አንቀጽ አራት

ቅርያት ጋት፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣
የሱቄን መዝጊያ ላወርድ ስል፣ ልጄ ሺራ ስትገባ፣
ስልኳን እንደ ደብዳቤ በሁለት እጇ ዘርግታ፣
መንግሥት ያሰበውን ደንብ ከዕብራይስጡ አውጥታ፣
እየጎተተች አነበበችልኝ፣ እንደቆመች ከደጃፍ፦
«አንቀጽ አንድ፦ በየዕቃው ላይ ዋጋው በግልጽ ይጻፍ።
አንቀጽ ሁለት፦ ቅናሽ ያለ፣ የፊተኛውን ዋጋ አብሮ ይለጥፍ።
አንቀጽ ሦስት፦ ለአንድ ክብሪትም ደረሰኝ ይቆረጥ።
አንቀጽ አራት…» አለችና ቆመች፣ ቃል ስትመርጥ፤
«ሻጭና ገዢ በዋጋ አይከራከሩ።»

ሳቅሁ። ባዶው ሚዛን ነቃ፤ ተንቀጠቀጠ ቁጥሩ።

ይህን ለአቶ ፈረደ ማን ይንገረው?
ዓርብ ዓርብ ጠዋት ይመጣል፣ አምስት ፎቅ በእግሩ ወርዶ፣
አሳንሰሩ ከተበላሸ ወዲህ ደረጃውን ለምዶ።
«ምስሩ ስንት ነው?» ይላል።
ያውቀዋል። ከፋሲካ ወዲህ አልተነካም።
«አሥራ አራት።»
«በአሥር አድርጊው።»
«አያዋጣኝም።»
«የጠጠረው ምስሩ ነው ወይስ ልብሽ?»
እንዲህ ስንባባል የጉልበቱ ነገር ይነሣል፣
ዲሞና ያለችው ልጁ፣ ያልደወለችው፣
የሟች ሚስቱም ሙያ ይወሳል፤
በመጨረሻ አሥራ አራቱን ቆጥሮ፣ ደግሞ ቆጥሮ ይከፍላል።
ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓርብ ማንም አያናግረው።
ዋጋው ተጽፎ ካገኘው፣ በምን ሰበብ ላስቆመው?

«ሥራ የፈቱ!» ልል አፌን ከፈትሁ፤
እናቴ መጣችብኝ፤ መለስሁ።

በገባን በሁለተኛው ዓመት፣
ክራባት ያሰረ ጎረምሳ፣ ምላሱ ዘይት፣
የውሃ ማጣሪያ ሸጠላት።
«መቶ ሸቀል ብቻ» አላት።
ብቻ!
ወረቀቱ ላይ ያ መቶ ሠላሳ ስድስት ወር ነበረው፤
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመችው።
የጽዳት ደመወዟን ሦስት ዓመት፣ በየወሩ፣ እንደ አይጥ ቆረጠመው።
ማጣሪያውስ? ካርቶኑ ውስጥ ቀረ፤ ለቧንቧችን አልገጠመም።
«ሞኝ ነኝ» እንዳለች ሞተች።
ሞኝ አልነበረችም።
ያልተጻፈ ዋጋ ነው የበላት።

«አስተያየት መቀበያው መቼ ይዘጋል?»
«እሑድ ማታ።»
«ጻፊልኝ እንግዲያ፣ ሐሳቤ ሳያመነታ፦
ዋጋው ይጻፍ፤ ጠቅላላው፣ ጎልቶ፤
ማንበብ ለማይችል ደግሞ ጮክ ተብሎ ይነገር።
አንቀጽ አራት ግን፣ ዓርብ ጠዋት፣ በምስር ላይ፣ ይቅር።»

ሺራ ጣቷ ስልኩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣
«ምክንያቱን ምን ልበል?» አለች።

ጆንያውን አየሁ። ጣሪያውን አየሁ።
«አሳንሰሩ ተበላሽቷል፣ በይ።»