አማካይ

ቀን ቀን ረዳት ነኝ፣ ማታ ማታ ተማሪ፤
ከማርቆስ ደጀን፣ ከደጀን ማርቆስ፣ በር ላይ ተጣሪ።
የፊዚክስ ደብተሬ ቅባት የጠገበ፣
ከክሪክ ጋር ውሎ፣ ከክሪክ ጋር ያረበበ።

መምህር አንለይ ጠመኔ አነሡና
ሰሌዳው ላይ ሣሉ አንድ ቀጭን ጎዳና፤
«ሚኒባስ ከማርቆስ ደጀን ደርሶ መጣ፤
ሰባ ሂያጅ፣ ሰባ መላሽ፣ ባራት ሰዓት።
አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ወጣ?»

እጄ ቀደመችኝ። ለምዶብኝ ነው፤
መልስ መስጠት አይደል የምበላበት ሥራው?
«ሠላሳ አምስት!» አልሁ።

«እሱማ ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነት መንገድ ይቆጥራል፣
ኩርባውን ከነዳገቱ።
ቬሎሲቲ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቅህ፦
የት ነበርህ? አሁንስ የት ነህ?
እዚያው ከሆንህ፣ ዜሮ።»

ክፍሉ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም።

ዜሮ?
ሉማሜ ላይ የተሳፈረችው ሴትዮ፣
ዶሮዋ አምልጣ ከወንበር ሥር ያስዳከረችንስ?
የትኖራ ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው የገቡት ለቀስተኞች፣
ሂሳብ ለመጠየቅ አፌ የተሳሰረባቸውስ?
ውጀል ላይ፣ በዶፍ ዝናብ፣ ጎማ ስፈታ
ጋሽ ፈንቴ «ቶሎ በል!» ያለኝስ?

አባቴም ሄዶ ነበር፣ ሁመራ ለሰሊጥ፤
ሦስት ክረምት ቆይቶ፣ በወጣበት በር ገባ፤
ይዞት የመጣ ቢኖር ማጭድና ወባ።
ጎረቤት «ምን ይዞ መጣ?» ሲላት
እናቴ ዝም አለች።
ፊደል ሳትቆጥር ስሌቱን ሠርታዋለች።

በማግሥቱ ደጀን አፋፍ ላይ መኪናው ሲዞር
ገደሉን አየሁት፤ ውሃው አይታይም።
ማደሪያ የለው ይሉታል፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይሉታል።
ይዙር።
ዞሮም ዞሮ ቁልቁል ነው፣ ወዳንድ ወገን፤
ምንጩ ላይ ተመልሶ ሲያድር ማን አየ?
የኔ ዜሮ የመጣው ማደሪያ ስላለኝ ነው፤
ማታ ማታ ደጅ የሚከፍትልኝ ሰው ስላለ።

«ማርቆስ! ማርቆስ! አንድ ሰው የቀረው!»
(ሦስት ነው የቀረው።)

ፈተናው ላይ ያችው ጥያቄ መጣች፤
መንገዱ ሌላ፣ ቁጥሩ ሌላ፣ ነገሩ አንድ።
ዜሮ ብዬ ጻፍሁ።
ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ፣ አነስ አድርጌ፦
«ጎማው ግን አልቋል።»

መምህር አንለይ ለዜሮው ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ።
በእርሳሷ ላይ
ራይትም ኤክስም አላደረጉ፤
ቀዩ እስክሪብቶ ግን ጥቂት እንደ ቆመ
ነጥብ የምታህል ቀለም አንጠባጥቧል።