የብርቄ ፍራሽ

አርብ ማታ፣ ሻርጃ፣ ሮላ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣
ዘጠኝ ሴት ከአንድ ስልክ ጋር ስንጣበቅ።
ስልኩ የኑሪያ ነው፣ ፊቱ የተሰነጠቀ፣
ከስኳር ጣሳ ጋር በላስቲክ የታነቀ።
ስንጥቁ ሲያርፍ ከጋሽ ድንበሩ ግንባር፣
«ይበለው!» ትላለች ትርሐስ፣ ቁልፍ ስትሰፋ ከዳር።

ጋሽ ድንበሩን ማን ይወዳል?
የተከራይ አምፖል ሲቆጥር ያድራል፣
ሻወር የገባን ሰው በሰዓት ይለካል፣
ቆጣሪው ፊት ቆሞ ዳዊት ይደግማል።
እኛ ግን ለይተነዋል፣ የኛዋ ማዳም ናት፣
ጢም አብቅላ መጥታ፣ አማርኛ የቀናት።

ዘቢባ ብቻ ናት የምትቆምለት፤
«ቢቆጥርስ?» ትላለች፣ «ምን አለበት?»
ያኔ ዝም እንላለን።
ስምንት ዓመት ሙሉ ሳትቆጥር የላከችው
ከሚሴ ላይ ዛሬ የሌላ ሴት ጣሪያ ነው።

ድራማው ውስጥ ደግሞ የተቀዳ ሳቅ አለ፣
ከእኛ ጋር አንድም ቀን ያልተስተካከለ።
ብርቄ፣ ሠራተኛዋ፣ ፈራ ተባ ብላ
«ደሞዜስ፣ እትዬ?» ስትል ከበር ኋላ፣
ሳቁ ይፈነዳል እንደ ፈንድሻ፤
እኛ ጥርስ አናሳይም፣ እስከ መጨረሻ።
ማንም በሌለበት ግን፣ ብርቄ ብቻዋን
የእትዬን ሽቶ ስትቀባ አንገቷን፣
መስታወት አይታ «እንደምን አደሩ?» ስትል ለራሷ፣
ያ ሳቅ ጸጥ ይላል እንደ ሬሳ፤
እኛ ግን ፍራሹ ላይ እንወድቃለን፣ አንዳችን ባንዳችን፣
የታች ቤት ኬረላዎች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ እስኪመቱብን።
ማን አለ ከዘጠኛችን ያን ሽቶ ያልነካ?
ኑሪያ ብቻ «እኔ የለሁበትም» ትላለች።
ትዋሻለች።

ባለፈው አርብ ብርቄ አልታየችም።
እትዬ ፈለቀች ምስር እየለቀመች፣
ቀና እንኳ ሳትል፣
«ብርቄማ ዐረብ አገር ሄደች።»
ሳቅ።
ከዚያ የጋሽ ድንበሩ አንድ እግር ጫማ ጠፋ፣
ታሪኩም በጫማው ፍለጋ ተስፋፋ።

ኑሪያ ስልኩን አቆመች። መለሰች። እንደገና።
«ተዋናይቷ ሂሳብ አንሷት ነው፣» አለች ብዙነሽ፣
«ወልዳ ነው፣» አለች ሌላዋ።
ትርሐስ መርፌዋን ሰካች፦
«እንዲህ ነው የሚኬደው? በምስር ለቀማ?
ደላላውስ? አሻራውስ? የሐኪም ቤቱ ሰልፍ?
አውሮፕላኑ ላይ ቀበቶ ያሰረልሽ፣ ያ የማታውቂው ሰው?
ዐረብ አገርስ ማለት የት ነው? ኩዌት ነው? ደማም ነው?
ስንት ልጅ ያለበት ቤት?»

ለጻፈው ሰው «ዐረብ አገር» በር ናት፣
ሰው ሲበዛበት የሚከፍታት።
እኛ ከበሯ ወዲህ ነን።

ሽታዬ አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ትወለውላለች።
«አላየሻትም?» አልናት፣ ለቀልድ።
እሷም ለቀልድ፦ «አንዲት አጭር አየሁ፣ በሌሊቱ በረራ፣
ፌስታል ያንጠለጠለች፣
ሁሉም ስቆ ካበቃ በኋላ የምትስቅ።»
ከዚያ ቀልዱ የት ጋ እንዳለቀ አላወቅንም።
«ሽቶ ነክታ ትያዛለች፣ ወር አትቆይም፣» አለች ዘቢባ፣
«ማን ጋ ትሄዳለች?»

ከፍሪጁ ጀርባ አንድ ፍራሽ ባዶ ነው፣
እናትነሽ አገር ከገባች ጀምሮ።
ወር ሲገባ ኪራይ ሰብሳቢው መጣ፦
አራት መቶ ሃምሳ ድርሃም፣ ለሌላ ሰው ልስጠው?
«ሰው አለበት፣» አለች ኑሪያ።
«ማን?»
«ብርቄ።»
ጻፈው፣ በእንግሊዝ ፊደል፣ ደብተሩ ላይ።

እኔ እብደት ነው አልኩ፤ አሁንም እላለሁ።
«እሷ ባትመጣም፣» አለች ትርሐስ፣ «የሸሸች አትጠፋም፣
በሌሊት በር የምታንኳኳ።»
ሃምሳ ሃምሳ አዋጣን።
ዘቢባ ብሩን ተቀብላ፣ አምፖሉ ሥር ሄዳ
ቆጠረችው፣
እንደ ጋሽ ድንበሩ፣ ጣቷን ምራቅ እያስነካች፣
ሁለቴ።