የኮንቴሳ አጥንት

ከሴሌ ወንዝ ወዲህ፣ ካፓቾ ሜዳው ላይ፣
ጭጋግ ከቦዩ ውስጥ ተነሥቶ ሳይታይ
በረቱን ሲከበው፣
እኔ ነኝ በባትሪ ሚዛን የማነበው፤
ገፈራው ይህን ያህል፣ ገለባው ይህን ያህል፣
ከዚያ ነጩ ዱቄት በጣሳ ይሰፈራል፤
ፎስፈረስ፣ ማግኒዥየም፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ጨው፣
ከእፍኝ አይበልጥም፣ ግን እሱ ነው የሚያቆማቸው።
«ማዕድ» ላይ «ን» ሲያርፍ «ማዕድን» ይሆናል፤
ማዕዱ ሞልቶ ሳለ፣ ያቺ «ን» ስትቀር አጥንት ይጎድላል።

ሐኪሙ ሳቬሪዮ በሩ ላይ ለጥፏል፤
በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦
«የነጠፉት ጎሾች፣ እስኪወልዱ ድረስ፣
አልፋልፋ አይቅረብ፣ ኖራም አይለወስ።»
ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ሲጋራውን ለኩሶ፣
«አጥንት ጎተራ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ቀንሶ፤
«ከደጅ ሲሞላለት ከጓዳ አያወጣም፤
ቁልፉ ይዝጋል፤ በምጥ ቀን ቢጠሩት አይመጣም።
ትንሽ ይጉደልበት፤ ቁልፉን ያንቀሳቅስ፤
ወተት ሲጠራው ፈጥኖ እንዲደርስ።»

ፊሎሜና ግን አልተዋጠላትም።
ሰባ ሁለት ዓመቷ፤ ባል የላት፣ ልጅ የላትም፤
ያለቻት ኮንቴሳ ናት፣
ስምንት ጊዜ የወለደች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት።
«ያረገዘች እናት እንዴት ትነፈጋለች?»
ማታ ማታ፣ በሽርጧ፣ አልፋልፋ ታቅፋ ትመጣለች።
አይቻለሁ። ከቦዩ ዳር ቆሜ ሁሉን አይቻለሁ፤
የሰው ፍቅር አይመዘንም ብዬ ዝም ብያለሁ።

መጋቢት አሥራ አንድ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ኮንቴሳ ወለደች፤ ሴት ጥጃ፣ ጥቁር፣ እርጥብ።
ግቷ ተወጠረ፤ እንገሩ ቢጫ፣ ከጣት የሚጣበቅ።
እሷ ግን ተንገዳገደች። ተኛች።
አንገቷን ወደ ጎኗ አጠፈች፣
ጎድኗ ላይ የተጻፈ ነገር እንደምታነብ።
ጆሮዋን ብይዘው
እንደ በር እጀታ ቀዘቀዘኝ።

ሳቬሪዮ መጣ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣
ጠርሙሱን ብብቱ ውስጥ እያሞቀ።
«ለምን?» አላለም።
ግርግሙ ሥር አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አየ፤
ከዚያ እኔን አየ።
ፊሎሜናን አላያትም።

መርፌው ከአንገቷ ደም ሥር ገባ።
«ቀስ ብሎ ነው፤ ከተቸኮለ ልብ ይቆማል።»
ጆሮው ከደረቷ፣ እጄ ከጠርሙሱ፣
ጠብታ በጠብታ ላይ ሲወርድ ለነፍሷ፣
ተረቱ ያን ጊዜ ገባኝ፦
ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች።
በጦር መስሎኝ ኖሯል። በመርፌም ነው ለካ!
ከመርፌውም በፊት በገዛ ወተቷ፤
አጥንቷ ቀልጦ፣ ነጭ ሆኖ፣ ትኩስ ሆኖ ወጥቶ
ከጥጃዋ አፍ ገብቷል።

እኛ አጥንት ስንቆጥር ወደ ኋላ ነው፤
የማን ዘር፣ የማን ርስት፣ ሰባት ቤት ድረስ።
እሷ የቆጠረችው ወደ ፊት ነው፤
ለጥጃ፣ ለባልዲ፣
ቅዳሜ ሳሌርኖ ገበያ ለሚሸጠው
ነጭ ድቡልቡል አይብ።

ሊነጋ ሲል አገሳች።
ቆዳዋ እንደ ኩሬ ውኃ ተንቀጠቀጠ።
እበቷን ጣለች፤ ሳቬሪዮ ሳቀ፤
በጉልበቷ ተነሣች፣ ቆየች፣ ከዚያ በአራት እግሯ።
«ጎሽ!» አልኳት፣ ሳላስበው ጮኼ።
«ምን አልካት?»
«ስሟን።»
ፊሎሜና ፊቷን አዙራ፣ ሽርጧን እያራገፈች፣
«ስሟ ኮንቴሳ ነው» አለች።

ጠዋት፣ ነጩን ዱቄት ስሰፍር
(አሁን ይገባታል፣ አሁን ኖራውም ይገባታል)
የአልፋልፋውን መጋዘን ቁልፍ
ግርግሙ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።
አነሣሁት።
ዝገት የሚባል የለበትም፤
በየማታው ሲሠራ የከረመ ነው።