ሰማንያ ግራም

ደብዳቤው ሲደርሰኝ አላነበብኩትም፤
መጀመሪያ ዳሰስኩት፣ ልማድ አይለቅም።
በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል
ሃያ ሦስት ዓመት የኖረ ሚዛን አል፦
ይህ ሰማንያ ግራም፣ ያኛው ሰባ ይሆናል፣
ይሄ እርጥበት ይዟል፣ ማተሚያ ላይ ይቀራል።

ዳሰስኩት። ለስላሳ። ነጭ። ጥሩ አድርጎ የቀጠነ።
የኛ አይደለም ወረቀቱ፤ ከሌላ አገር የተጫነ።
የሰው ወረቀት ገዝተው ነው
የጻፉልን ስንብቱን፦
«አንፈልግም ከእንግዲህ ወረቀታችሁን»።

ሦስተኛው ማሽን፣ ቁመቱ አንድ መንደር የሚያህል፣
ቀን ከሌት ሲያጉረመርም፣ በረዶ ሲጥል፣ ሲቀልል፣
እኛ ድምፁን ለምደን፣ ሰምተነውም አናውቅ፤
አርብ ማታ ዝም ሲል ነው የሰማነው፣ በድንገት፣ በጭንቅ።
ውሾች ጮኹ በየደጁ።
ታርሞ፣ የጎረቤቴ ባል፣ በካልሲው በረዶ ላይ
ወጥቶ ቆመ፣ የጭስ ማውጫውን አንጋጦ ሲያይ።
«ሽታው» አለ፤ «ሽታው የለም»።
ያ የከረመ ጎመን የሚመስለው የፋብሪካ ሽታ፣
እንግዳን አፍንጫ የሚያስይዝ ጠዋትና ማታ፣
እኛ «የገንዘብ ሽታ» ያልነው፣
ጠፋ፣ በአንድ ማታ።

አካሌ ግን አልሰማም። ከሌሊቱ አሥር ተኩል
ብድግ ይላል እኔን ትቶ፣ ጥቁር ዳቦ ይቆርጣል፣
በጭስ የደረቀ ዓሣ በጨርቅ ይጠቀልላል።
የፋብሪካው በር ድረስ ነድቼ ነው የነቃሁ፤
ዘበኛ የለም፣ ዘንጉ ላይ በረዶ ተቆልሏል፣ አየሁ።
ተመልሼ ሐይቁ ዳር፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣
ምሳዬን በሌሊት በላሁ፣ ቀኑ እንዳይሰፋ።
እህቴ ደወለች። «ደህና ነኝ» አልኳት።
አፌ ሙሉ ነበር፤ ያ ጠቀመኝ።

ሥራ አገናኝ ቢሮ፣ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ
«ችሎታሽ ምንድን ነው?» አለኝ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ እንጂ
እኔ ላይ አልነበረም።
«ወረቀት በጣቴ እመዝናለሁ»። ዝርዝሩን ፈለገ፣
ወረደ፣ ወረደ፣ «ሌላ» የሚል ላይ ምልክት አደረገ።
ሌላ ሆንኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ መጠሪያዬ «ሌላ»።
ሠላሳ አንድ ማመልከቻ ላክሁ፤ ከወር በኋላ
አንዱ ብቻ «እናመሰግናለን» አለኝ፤ ማሽን ነው የጻፈው፣
ስሜን እንኳ ግማሹ ላይ ቆርጦ ያስቀረው።

ታርሞ ቤቱን «ይሸጣል» ብሎ ሰሌዳ ተከለ።
ማን ሊገዛው? ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ። አሁንም አለ፣
ማብሰያ ቤቴ፣ ምስማር ላይ።

በግንቦት፣ ሐይቁ ሲሰነጠቅ፣ ተገኘ የሌሊት ፈረቃ፤
የአረጋውያን ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ምድር ቤት፣ በቃ።
ደመወዙ የድሮዬን ግማሽ በትንሽ ያለፈ፤
እንፋሎት፣ ሳሙና፣ አንሶላ፣ አንሶላ እንደ ጉድ የተነጠፈ።
ማሪቴስ፣ የፊሊፒንስ ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ፣
ላስቲክ ያለውን አንሶላ ማጠፍ ታሳየኛለች፦ «እንዲያ
አይደለም፤ ጥጉን ጥጉ ውስጥ አግቢው»።
ሦስት ሌሊት ተሸነፍኩ፤ እንደ ዓሣ ከእጄ አፈተለከ፤
በአራተኛው ሳቀች፣ ሳቅኩ፤ አንሶላውም ተንበረከከ።

አንድ ሌሊት በሁለት ጣቴ አንዱን ይዤ ቆየሁ፦
«ይሄ ሳስቷል፤ ነገ ይቀደዳል» አልኩ።
አላመነችኝም፤ ትከሻዋን ሰበቀች።
በነጋታው ከዘጠነኛው አልጋ ይዛው መጣች፣
እስከ ወገቡ የተቀደደ።
ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲያ ግን
የታጠበውን ክምር ከሁሉ በፊት
እኔ ፊት ታስቀምጣለች።

በኅዳር፣ በስድስተኛው ወር፣ የቋሚ ውል ሰጡኝ።
አንብቢ ሳይሉኝ በፊት ጣቶቼ ቀደሙኝ፦
ሰባ ግራም። ርካሽ። ጥጉ ላይ የሳሳ።
«ችግር አለ?» አለች ኃላፊዋ።
«የለም» አልኩ፤
ፈረምኩ።
ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ።